ጨዋታውን ሳይጫወቱ ልብ ወለዱን ማንበብ
ኤልደር ስክሮልስ የተሰኙትን የቪዲዮ ጨዋታዎች ሳይጫወቱ በዚያው ዓለም ላይ የተመሠረተውን ልብ ወለድ አንብቦ መደሰት ይቻል እንደሆነ ለጠየቁት መልሴ አዎን ነው። ግሬግ ኪየስ እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተመው «ዘ ኢንፈርናል ሲቲ» የሚጀምረው «ኦብሊቪየን» በተሰኘው ጨዋታ ከተተረከው ቀውስ አርባ ዓመት ያህል ቆይቶ ስለሆነ፣ የቀደመውን የማያውቅ አንባቢ ብዙም አይቸገርም። እኔን ከሁሉ አብልጣ የማረከችኝ በሰማይ እየተንሳፈፈች፣ ከሥሯ ያለውን ሕያው ሁሉ ገድላ ሬሳውን የምታስነሣው ከተማ፣ ኡምብሪየል ናት፤ በተለይም መድኃኒት መቀመም የምትወደው ወጣቷ አናይግ በከተማዋ ወጥ ቤት እንድትሠራ ከተገደደች በኋላ፣ የአብሳዮቹ ፉክክር ከጦር ሜዳው ይልቅ ያስፈራል። የልዑል አትሬበስ ክፍል ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ይንዛዛል። ታሪኩ በዚህ መጽሐፍ ስለማይቋጭ፣ በ2011 የወጣውን «ሎርድ ኦፍ ሶልስ»ንም አብረው ቢይዙ ይሻላል።