የኋላው ጎማ ለምን በሩ ሥር ገባ? የሞዴል መኪና ጥያቄዎቻችሁ

የዚህ ዙር ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ስለ ድሮ ድራግ መኪኖች ናቸው። ነገሩ ለማያውቅ ባጭሩ፦ ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ይቆማሉ። መብራት ወይም ባንዲራ ይታያል። ከዚያ ቀጥ ያለ ሩብ ማይል ነው፣ 402 ሜትር ገደማ። መታጠፊያ የለ፣ ዙር የለ። ቀድሞ የደረሰ አሸነፈ። ዋናው የአሜሪካ የድራግ ማኅበር ኤንኤችአርኤ የተቋቋመው በ1951 ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ የ1965 ፕሊማውዝ ቤልቬዴር ኪት (ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ሞዴል) ገዛሁ። ፎቶ ላይ ያየኋት የውድድር መኪና ግን የኋላ ጎማዋ በሩ ሥር ነው የገባው። ፎቶው ተዛብቶ ነው ወይስ እውነት እንዲህ ነበረች?

ፎቶው ደህና ነው። የተዛባችው መኪናዋ ናት፣ ያውም ሆን ተብሎ።

የዶጅና የፕሊማውዝ ባለቤት የነበረው ክራይስለር በ1965 ለተመረጡ ተወዳዳሪዎቹ ጥቂት ዶጅ ኮሮኔቶችንና ፕሊማውዝ ቤልቬዴሮችን አሠራ። የኋላው አክሰል 15 ኢንች ወደ ፊት መጣ። የፊቱም 10 ኢንች ወደ ፊት ሄደ። የእጅ ጋሪ የገፋ ሰው ምክንያቱ ቶሎ ይገባዋል። ጎማውን ወደ ሸክሙ ሥር ባስጠጉት ቁጥር ሸክሙ ጎማው ላይ ያርፋል። ድራግ መኪና ደግሞ የምትገፋው በኋላ ጎማዋ ነው። ጎማው ካልተጫነው አስፋልቱ ላይ ይሽከረከራል እንጂ አይነክስም። ሞተሩ ሄሚ የሚባለው ባለ 426 ኩቢክ ኢንች ትልቅ ሞተር ስለነበር ጉልበት አልቸገራቸውም። የቸገራቸው ጉልበቱን መሬት ማስያዝ ነበር። ክብደት ለመቀነስም የመኪናውን ቦዲ አሲድ ውስጥ እየነከሩ ላሜራውን አሳሱት።

ኤንኤችአርኤ አልቀበልም አላቸው። እነሱም ለሁለትዮሽ ግጥሚያ ክፍያ እየተቀበሉ ከሜዳ ሜዳ ዞሩ። ቅርጻቸው ግራ ያጋባው ሰው ፈኒ ካር አላቸው፣ ጉደኛ መኪና እንደማለት። ስሙ እስከ ዛሬ የአንድ ትልቅ የውድድር ምድብ መጠሪያ ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ኪት። ኪቱ 1 ለ25 ከሆነ፣ ማለትም ከእውነተኛዋ 25 ጊዜ ካነሰ፣ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። የእውነተኛዋ መኪና አንድ ኢንች ሞዴሉ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ከፀጉር አይበልጥም። ስለዚህ 15 ኢንች 15 ሚሊ ሜትር፣ 10 ኢንች 10 ሚሊ ሜትር። የሒሳብ ማሽን ማውጣት አያስፈልግም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የጎማውን ቅስት ወደ ፊት እየሞረደ በማስፋት ነው። እንዲያ ከተደረገ መኪናዋ የአይጥ ጉድጓድ ያላት ትመስላለች። ቅስቱን ከነዙሪያው በቀጭን መጋዝ ቆርጠው ያውጡት። ከፊቱ ያለውን የ15 ሚሊ ሜትር ቁራጭም አብረው ይቁረጡ። ከዚያ ቦታ ያለዋውጧቸው፦ ቅስቱ ወደ ፊት፣ ቁራጩ ከኋላው። እንደ ዳቦ ቁራሽ ቦታ መቀያየር ነው። ከውስጥ በኩል ስስ የፕላስቲክ ሉህ ይለጥፉበት፤ አለበለዚያ ስፌቱ ከወር በኋላ ይሰነጠቃል። የፊቱንም በዚሁ መንገድ፣ በ10 ሚሊ ሜትር።

መጀመሪያ አንዱን ጎን ይጨርሱ። ልኩን ካርቶን ላይ ይገልብጡና ካርቶኑን አዙረው ለሌላው ጎን ይጠቀሙበት። እኔ ካርቶኑን ሳላዞር ቆርጬ አንድ ሙሉ ቦዲ ጥዬአለሁ።

ቦዲው ሲያልቅ ሥራው አላለቀም። ወለሉም ይቆረጣል። ወደ ኋላ አክሰል የሚሄደው ዘንግ ያጥራል። ጎማው ድሮ የኋላ ወንበር የነበረበት ቦታ ስለሚገባ ወንበሩ ይወጣል፣ በምትኩ የጎማ መሸፈኛ ይሠራል። ኮፈኑን በስተው የሚወጡት የነዳጅ መርጫ ቱቦዎችም አይረሱ። እኔ ከአሮጌ ስክሪብቶ ውስጥ የሚገኘውን የብረት ቀፎ እየቆረጥኩ ነው የምሠራቸው። ውፍረቱ ልክ ነው፣ ዋጋውም ዜሮ።

ጥያቄ (ከሚኒያፖሊስ፣ የ16 ዓመት ልጅ ነኝ)፦ የ1955 ቼቭሮሌት ጋሰር እየሠራሁ ነው። አፍንጫዋን ሰቀልኩት። አባቴ ሲያያት «ልትነሳ ያለች አውሮፕላን ናት» አለኝ። በዛብኝ እንዴ?

ፎቶህን አየሁት። አባትህ ልክ ናቸው።

ጋሰር የሚባሉት ጋስ በሚባለው ምድብ የሚወዳደሩ ነበሩ። ስማቸውን ያገኙት በተራ ቤንዚን ስለሚሄዱ ነው። ከፊት የነበራቸው ሞላና የጎማ መያዣ (ሰስፔንሽን) ይወጣና በምትኩ ቀጥ ያለ አክሰል ከባሌስትራ ጋር ይገባል፣ እንደ አይሱዙ። አፍንጫዋ ከፍ ሲል፣ ስትነሳ ክብደቷ ወደ ኋላ ይጋደማል ተብሎ ነው። ያው የቅድሙ ነገር ነው፣ መንገዱ ብቻ ይለያል።

ግን ወሰን ነበረው። በሕጉ የክራንክሻፍቱ (ሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከረው ዋና ዘንግ) መሃል ከመሬት ከ24 ኢንች በላይ መሆን አይችልም ነበር። ኪትህ 1 ለ25 ከሆነ ላንተ 24 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ከሞተሩ ፊት የታችኛዋን ፑሌጃ መሃሏን ከጠረጴዛው ለካ። 24 ካለፈች አውርዳት። የዛሬ ሞዴል ሠሪዎች ግማሾቹ ከዚያ በላይ ይሰቅላሉ። ፎቶ ላይ ያምራል፣ ያኔ ግን ፍተሻ አታልፍም ነበር።

የፊቶቹ ጎማዎች ቀጭን ይሁኑ። የኋላዎቹ ጥርስ የሌላቸው ልሙጥ ጎማዎች ናቸው። የፊት ባምፐሩን ብታወጣው የሚቆጣህ የለም።

ጥያቄ (ከላስ ቬጋስ)፦ የኪቱ ቸርኬና የሞተር ክፍሎች ሁሉ እንደ መስታወት ያብረቀርቃሉ። ሙጫም አልይዝ አለኝ።

በረኪና። ሌላ ምንም አይፈልግም። በፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ይዘፍዝፉትና ክሮሙ እስኪለቅ ይጠብቁ፤ አንዳንዱ በደቂቃዎች፣ አንዳንዱ አድሮ ይለቃል። ጓንት ያድርጉ፣ መስኮት ይክፈቱ፣ ከኮምጣጤም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር አይቀላቅሉት፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ከዚያ በደንብ አጥበው ደብዛዛ የአልሙኒየም ቀለም ይቀቡት። የውድድር መኪና ሞተር የሠርግ መኪና አይደለም።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ወንድሜ ከአሜሪካ ኪት ላከልኝ። የሞዴል ስቱኮና ቀለም ግን እዚህ አላገኘሁም። የጋራዥ ስቱኮ ይሆናል?

ከማጠንከሪያው ጋር የሚደባለቀው ዓይነት ይሆናል። በጣም ስስ አድርገህ፣ ደርበህ ደርበህ። ወፍራም ከቀባህ ሲደርቅ ሞቆ ስሱን ፕላስቲክ ያጣምምብሃል። የመጨረሻውን በውኃ በሚሠራው ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ጨርሰው።

የሚያስፈራኝ ስቱኮው ሳይሆን ቀለሙ ነው። የመኪና ቀለም በጠንካራ ቲነር ነው የሚበጠበጠው። ቲነር ደግሞ ይህን ፕላስቲክ ይበላዋል፣ ፊቱ እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጣጠቃል። የኪቱ ክፍሎች ተያይዘው የሚመጡበት ፍርግርግ አለ አይደል? አትጣለው። መጀመሪያ እሱ ላይ ሞክር። ከተሰነጠቀ ያንን ቀለም እርሳው፣ በውኃ የሚበጠበጥ አክሪሊክ ፈልግ።

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፦ ከልጄ ጋር ነው የምሠራው፣ የመጀመሪያችን ነው። ቦዲ የማያስቆርጥ የድሮ ድራግ መኪና አለ?

አለ እንጂ! የ1964 ፎርድ ፌርሌን ተንደርቦልት። ለእኔ ከዘመኑ ሁሉ ቆንጆዋ እሷ ናት፣ አድሏዊ ነኝ።

ፎርድ 427 ኩቢክ ኢንች የሆነውን ትልቅ ሞተሩን እዚያች መካከለኛ መኪና ውስጥ ጨመቀው። 100 ያህል ብቻ ተሠሩ። ከፊት አራት መብራት ነበራት። የውስጠኞቹን ሁለቱን አውጥተው በቦታቸው ወንፊት አደረጉና ከዚያ ወፍራም ቱቦ ወደ ሞተሩ ዘረጉ። ቀዝቃዛ አየር ለመሳብ ነው።

ለእናንተ ሥራው ይኸው ነው። የውስጠኞቹን መብራቶች በቀስታ ብሱ። ከኋላ የአሮጌ ስቶኪንግ ቁራጭ ለጥፉ፣ ቆንጆ ወንፊት ይወጣዋል። ኮፈኑ ላይ በስቱኮ የውኃ ጠብታ የመሰለ ጉብታ ሥሩ፤ ሞተሩ ከፍ ስላለ ነው የመጣው። ባትሪውን ከሞተሩ ጎን ነቅላችሁ ከኋላ ዕቃ መጫኛው በቀኝ በኩል አስቀምጡት። ለምን እንደሆነ ልጅሽን ጠይቂው፤ እስካሁን ካነበበ ይመልሳል። አብዛኞቹ ነጭ ስለነበሩ ቀለሙም አያስጨንቅም።

ጥያቄ (ከዳላስ)፦ የድራግ መኪኖች መስኮት ላይ የሚጻፈው ኤ ሸርተቴ ኤፍኤክስ (A/FX) ምንድን ነው? ተለጣፊውስ ከየት ይገኛል?

የምድብ ስም ነው። ኤፍኤክስ ፋብሪካው ለሙከራ የሠራት ማለት ነው። የፊተኛዋ ፊደል ከክብደትና ከሞተር መጠን ንጽጽር ትመጣለች፤ ኤ ከሆነች መኪናዋ ከሞተሯ መጠን አንጻር ክብደታቸው ቀላል ከሆኑት ናት።

ተለጣፊ ግን አይግዙ። ያኔ የሚጻፈው በነጭ የጫማ ቀለም፣ ሜዳው ላይ፣ በችኮላ ነበር። ቀጭን ነጭ ማርከር ይያዙና በእጅዎ ይጻፉት። ቢንጋደድ እሰየው።

ጥያቄ (ከለንደን)፦ የጨረስኳትን መኪና ካርቶን ውስጥ አስቀምጬ ስከፍተው ጎማዎቹ ቸርኬውን አቅልጠውታል። ሙቀት ነው?

ሙቀት አይደለም። ለስላሳ የቪኒል ጎማ ውስጥ የሚያለሰልስ ዘይት አለ፣ እሱ እየወጣ ጠንካራውን ፕላስቲክ ያሟሟዋል። የድሮ ኪት ላይ በሽታው ይብሳል። ቸርኬው ጎማውን የሚነካበት ቦታ ላይ ስስ የአልሙኒየም ፎይል ይጠቅልሉበት። ጎማ የነካው ቦዲ ካለም አብረው ይዩት፤ እኔ ጣሪያዋ ላይ የጎማ ቅርጽ የታተመባት አንዲት የዊሊስ መኪና ሞዴል አለችኝ፣ እስካሁን ስቱኮ እየጠበቀች ነው።