መልስ፦ የመገጣጠሚያ ካርቲሌጅ (የአጥንቶችን ጫፍ የሚያለብሰው ለስላሳ ሽፋን) አጥንት ሳይሆን የቀረ ትርፍ ነው ወይ?

አይደለም። የእጅና የእግር አጥንት መጀመሪያ ያልተቆራረጠ የካርቲሌጅ ዘንግ ነው ያልከው ልክ ነው። ግን በፅንሱ 6ኛ ሳምንት ገደማ መገጣጠሚያው በሚወጣበት ቦታ ያሉት ሴሎች ካርቲሌጅ መሥራቱን ትተው ጠፍጠፍ ብለው ይጠጋጋሉ፤ ኢንተርዞን የሚባለው እሱ ነው። የአጥንቱን ጫፍ የሚያለብሰው ካርቲሌጅ በአብዛኛው የሚመጣው ከነሱ ነው፤ በጉልበት ውስጥ ያሉት ጅማቶችም እንዲሁ።

በሁለቱ አጥንቶች መካከል ያለው የመገጣጠሚያው ክፍተት የሚከፈተው በ8ኛው ሳምንት አካባቢ ነው። ፅንሱ ካልተንቀሳቀሰ ግን ነገሩ ይበላሻል፦ በመድኃኒት ሽባ የተደረጉ የጫጩት ፅንሶች መገጣጠሚያቸው ተጣብቆ ይቀራል።

የመገጣጠሚያውን ካርቲሌጅ ከግሮውዝ ፕሌት (አጥንት ከሚረዝምበት የካርቲሌጅ ንብርብር) ጋር እንዳታምታታው። ሁለቱም ሃያሊን የሚባለው መስታወት መሰል የካርቲሌጅ ዓይነት ስለሆኑ እኔ በማይክሮስኮፕ ፈተና ተሸውጃለሁ። መሃሉን ብቻ አይተህ አትወስን፤ ጠርዙን ፈልግ። ከላይ ያሉት ሴሎች ጠፍጣፋ ሆነው ከገጹ ጋር ትይዩ ከተኙ የመገጣጠሚያው ነው።