ልጆቼ፣ ድልድዩ ሥር ውረዱ

ከሠላሳ ዓመት በላይ በመንገድና በድልድይ ሥራ ላይ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። አዲስ የተመረቃችሁ መሐንዲሶች «ምን ይመክሩናል?» ስትሉኝ መጀመሪያ የሚመጣልኝ አንድ ነገር ነው። ድልድይ የሚታየው ከሥሩ ነው። ውረዱ።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ አንድ አሮጌ ድልድይ እንድፈትሽ ተላክሁ። ከላይ ሲታይ ምንም አይልም። ሱሪዬን ሰብስቤ ወንዙ ውስጥ ገባሁና ቀና ስል ኮንክሪቱ ተገምሶ ወድቆ ፌሮው አግጥጧል፤ ዝገቱ በጣት ሲነካ እንደ ቅርፊት ይላጣል። በመዶሻ መታ መታ አደረግሁት። ደህናው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተጎዳው እንደ ባዶ ጀሪካን ያስተጋባል። ከየት መጣ ብዬ ተመልሼ ወደ ላይ ስወጣ የውሃ ማፋሰሻው ቀዳዳ በጭቃና በሃይላንድ ፕላስቲክ ጥርቅም ብሎ ተደፍኖ ሣር በቅሎበታል። ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃው መሄጃ ሲያጣ ወደ ድልድዩ ሆድ ይሰርጋል ማለት ነው። ለአንድ ሰው፣ ለአንድ አካፋ፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ሪፖርት ጽፌ አስገባሁ። በዓመቱ ስመለስ ሣሩ ረዝሞ ጠበቀኝ።

ጽፌያለሁና የእኔ ድርሻ አልቋል ብዬ ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የድሃ አገር ችግር እንዳይመስላችሁ። ጥር 20 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 28 ቀን 2022 ማለዳ፣ አሜሪካ ፒትስበርግ ከተማ ውስጥ ፈርን ሆሎው የሚባለው ድልድይ ከነአውቶቡሱ፣ ከነመኪናው ሸለቆ ውስጥ ወደቀ። ደግነቱ የሞተ ሰው የለም። ፕሬዚዳንት ባይደን በዚያው ቀን፣ በዚያው ከተማ፣ ስለ መሠረተ ልማት ሊናገሩ ቀጠሮ ነበራቸው። ድልድዩ የተሠራበት ብረት ቀለም አይቀባም፤ ላዩ ላይ የሚይዘው ስስ ዝገት ራሱ ይጠብቀዋል። ግን እየራሰ መድረቅ አለበት። ማፋሰሻው ተደፍኖ ውሃና ቆሻሻ እግሮቹ ላይ ሲጠራቀም ብረቱ ተበላ። የአገሪቱ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ መርምሮ ያገኘው ይህንን ነው። ፈታሾቹ አይተውታል፣ በየጊዜው ጽፈውታል፣ ድልድዩም በፈረንጆቹ ከ2011 ጀምሮ ደረጃው «ደካማ» ነበር። የጠረገ ግን አልነበረም።

ከዚያው ምርመራ ሌላም ነገር ውሰዱ። ድልድዩ ላይ የነበረው አስፋልት፣ ድልድዩ ስንት ክብደት ይችላል ለሚለው ስሌት ከተያዘው የወፈረ ነበር። ስሌቱ በትክክል ቢሠራ ኖሮ ድልድዩ አስቀድሞ መዘጋት ነበረበት። እኛም ዘንድ አሮጌው ሳይነሳ አዲስ አስፋልት ሲደረብ አይቻለሁ። 5 ሴንቲ ሜትር አስፋልት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ወደ 120 ኪሎ ይጭናል። በድልድዩ ስፋትና ርዝመት አባዙት። አለቃ «አስፋልቱ ያምራል» ቢላችሁ እንኳን ቆፍራችሁ ውፍረቱን ለኩ።

ሪፖርት ስትጽፉ «ጥገና ያስፈልገዋል» ብላችሁ አትለፉ፣ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ማንንም ከወንበሩ አያስነሳም። የትኛው ቀዳዳ፣ በማን፣ እስከ መቼ ይጠረግ? እሱን ጻፉ። በየዓመቱ ከአንድ ቦታ ቆማችሁ ፎቶ አንሱና ጎን ለጎን አያይዙት። ከዚያ ደውሉ። ካልመለሱላችሁ በአካል ሂዱ። ነዝናዛ ቢሏችሁም ግድ የለም።

መሐንዲስ ያልሆናችሁም በየቀኑ በድልድይ ላይ ታልፋላችሁ። ዝናብ ካባራ በኋላ ኩሬ ሠርቶ ካያችሁ ማፋሰሻው ተደፍኗል ማለት ነውና ለወረዳችሁ አመልክቱ። ይህ የግንቦት ሥራ ነው፣ ሰኔ ከገባ በኋላ ወንዙ ሞልቶ ሥሩ መግባት አይቻልም። ካልጠረጉት በመስከረም ተመልሳችሁ ያንኑ ቦታ ፎቶ አንሱት፣ ከግንቦቱ ጋርም አያይዛችሁ ውሰዱላቸው።