ከክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ በኋላ ምን ይደረጋል? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ይግባኜ በክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውድቅ ሆነ። ሰበር ሰሚ ችሎት ምስክሮቼን እንደገና ይሰማልኛል?

መልስ፦ አይሰማም። ሰበር ሦስተኛ ይግባኝ አይደለም፤ የሚያየው የመጨረሻ ፍርድ ያገኘ ጉዳይ መሠረታዊ የሕግ ስህተት ያለበት መሆን አለመሆኑን ብቻ ነው። ብዙ አቤቱታ «አያስቀርብም» (ለሰበር ክርክር አይበቃም) ተብሎ የሚዘጋው ምስክር እንዴት እንደተመዘነ በመተረክ ስለሚያልቅ ነው። የተጣሰውን ድንጋጌ በቁጥር ጠቅሰው፣ ስህተቱ ውጤቱን እንዴት እንደለወጠ ይጻፉ።

ጥያቄ፦ ከክልሉ ሰበር ቀጥሎ ወደ ፌዴራል ሰበር መሄድ ይቻላል?

መልስ፦ በክልል ሕግ በሚታይ ጉዳይ በሩ ጠቧል። አዋጅ ቁጥር 1234/2013 የሕዝብ ጥቅምና አገራዊ ፋይዳ እንዲኖረው ይጠይቃል። የግል ጉዳትዎ ምንም ያህል ቢከብድ ብቻውን አይበቃም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ተፈርዶበታል። የይግባኝ ጊዜው ስንት ነው?

መልስ፦ በወንጀል፣ ይግባኝ እንደሚል የሚገልጸው ማስታወቂያ በ15 ቀን፣ የይግባኝ ቅሬታው ደግሞ የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰው በ30 ቀን ውስጥ (የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 187)። በፍትሐ ብሔር 60 ቀን ነው። ግልባጭ የጠየቃችሁበትንና የወሰዳችሁበትን ቀን የሚያሳይ ማስረጃ ያዙ። «ጠበቃዬ ረሳው» የሚለው ምክንያት በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 326 ተቀባይነት የለውም።

ጥያቄ፦ ይግባኝ ካልኩ አፈጻጸሙ ይቆማል?

መልስ፦ በራሱ አይቆምም። የዕግድ ማመልከቻ ለብቻው ያቅርቡ።

ጥያቄ፦ ቤት በመንደር ውል (በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት ሳይደረግ) ገዛሁ፤ አሁን ሻጩ ካደኝ።

መልስ፦ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የቤት ሽያጭ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት እንዲደረግ ያዛል። የፌዴራል ሰበርም በ1999 በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህን ያላሟላ ውል አይጸናም ብሏል። በኋላ የመጡ ውሳኔዎች ግን ሻጩ ሽያጩን ካልካደ ውሉን አጽንተዋል። ስለዚህ ወሳኙ የሻጩ የመከላከያ መልስ ነው። «ሸጫለሁ፣ ቀሪ ገንዘብ ግን አልተከፈለኝም» ካለ ሽያጩን አምኗል። ጨርሶ «አልሸጥኩም» ካለ ቤቱን የማግኘት ዕድልዎ በጣም ይመነምናል። ለዚህ ነው ክሱ ሲጻፍ «ውሉ ካልጸና በቁጥር 1815 መሠረት የከፈልኩት ይመለስልኝ» የሚል አማራጭ ዳኝነት (ዋናው ጥያቄ ካልተሳካ የሚታይ ሁለተኛ ጥያቄ) መግባት ያለበት። ፍርድ ቤት ያልተጠየቀውን አይወስንም፤ ይህ መስመር ሲቀር ገዢው ቤቱንም ገንዘቡንም ሳያገኝ ለሌላ ክስ ይዳረጋል።