ቤቱ ሙሉ እያጨሰ አንዱ እንዴት ያቁም?

ጥያቄ፦ በሰሜን ካናዳ፣ ኑናቩት ውስጥ በአንዲት ትንሽ የኢንዊት (የአርክቲክ ነባር ሕዝብ) መንደር ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። ሲጋራ ማቆም የሚፈልጉ ብዙ ናቸው። የኒኮቲን ፓች (ቆዳ ላይ የሚለጠፍ መድኃኒት) እሰጣቸዋለሁ፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን ተመልሰው ያጨሳሉ። የት ላይ ነው የምሳሳተው?

መልስ፦ በሁለተኛው ሳምንት የሚያገረሽበት ሰው ብዙውን ጊዜ የጎደለው ቁርጠኝነት ሳይሆን መድኃኒት ነው። መጀመሪያ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ በቀን ስንት ሲጋራ ያጨሳል? ከእንቅልፉ ነቅቶ በስንት ደቂቃ ውስጥ የመጀመሪያውን ይለኩሳል? በቀን ከ10 በላይ ከሆነ በ21 ሚሊግራም ፓች ይጀምሩ፤ 6 ሳምንት፣ ከዚያ 14 ሚሊግራም ለ2 ሳምንት፣ 7 ሚሊግራም ለ2 ሳምንት። አሁንም ሲጋራ ውል የሚለው ከሆነ መጠኑን ለመቀነስ አይቸኩሉ። እንቅልፍ ከነሳው ፓቹን ማታ ያንሳው።

ፓች ብቻውን ግን አይበቃም። ድንገተኛውን አምሮት የሚያስታግሰው የኒኮቲን ማስቲካው ነው፤ በነቃ በ30 ደቂቃ ውስጥ ለሚያጨስ 4 ሚሊግራም፣ ለሌላው 2። አብዛኛው ሰው እንደ ተራ ማስቲካ ያላምጠዋል፤ ኒኮቲኑ ወደ ሆድ ይወርድና ቃርና ስቅታ ያመጣል እንጂ አምሮቱን አይቆርጥም። አፍን ቆንጠጥ እስኪያደርግ ቀስ ብሎ አላምጦ፣ በጉንጭና በድድ መካከል ማቆየት፣ ስሜቱ ሲጠፋ መድገም ነው። ከዚያ በፊት ለ15 ደቂቃ ቡና፣ ጭማቂና ለስላሳ አይጠጣ። ደግሞ ቡና የሚያዘወትር ሰው የቡናውን መጠን በግማሽ ይቀንስ፤ ማጨስ ሲቆም ካፌይን በሰውነት ውስጥ ይቆያልና፣ የሚሰማውን መንቀጥቀጥ የሲጋራ ጥማት አድርጎ ይወስደዋል።

ቫሬኒክሊን የተባለውን ማጨስ ማቆሚያ ክኒን የሚመርጥ ካለ ከማቆሚያው ቀን 1 ሳምንት አስቀድሞ ይጀምር፦ 3 ቀን በቀን አንዴ 0.5 ሚሊግራም፣ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ቀን 0.5 ሁለቴ፣ ከዚያ 1 ሚሊግራም ሁለቴ፣ በጠቅላላው 12 ሳምንት። ከምግብ በኋላ ካልተወሰደ ያቅለሸልሻል። ከባድ የኩላሊት ሕመም ካለ መጠኑ ይቀነሳል። ሌላው ማጨስ ማቆሚያ ክኒን፣ ቡፕሮፒዮን፣ የሚጥል በሽታ ላለበት አይሰጥም። ነፍሰ ጡር ከሆነች ከፓች ይልቅ በማስቲካ ይጀምሩ፤ ፓች ካስፈለገም ማታ ይነሳ።

በእናንተ አካባቢ አንድ የተለየ ችግር አለ፦ መድኃኒት የሚያመጣው አውሮፕላን በአየር ጠባይ ይቀራል። ፓች በአራተኛው ሳምንት ካለቀ የተደከመበት ሁሉ ይፈርሳል፤ ስለዚህ የሙሉውን ጊዜ መድኃኒት መንደሩ ውስጥ ሳያስቀምጡ የማቆሚያ ቀን አይቁረጡ። ወጪውን ለተመዘገቡ ኢንዊት የፌዴራሉ መንግሥት የጤና ጥቅም መርሐ ግብር ይሸፍናል።

ከመድኃኒቱ እኩል የሚከብደው ቤቱ ነው። ብዙ ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራል፤ በክረምት ውጭ ማጨስም ፈተና ነው። ቢሆንም "ሁላችሁም አቁሙ" ከማለት "ቤት ውስጥ አይጨስ" ከሚለው መጀመር ይሻላል። ሕፃናቱ በሳንባ ኢንፌክሽን ደጋግመው ሆስፒታል ይገባሉ፤ የሳንባ ነቀርሳም እዚያ ገና አልጠፋም፣ ማጨስ ደግሞ የመያዝን ዕድል ይጨምራል። ሌላው የቤተሰብ አባል ፈቃደኛ ከሆነ በአንድ ቀን አብረው ይጀምሩ።

አነጋገርም ወሳኝ ነው። ቅንድብ ማንሳት "አዎ"፣ አፍንጫ ማሸብሸብ "አይ" ማለት ነው፤ ዝምታውን ቶሎ በጥያቄ አይሙሉት። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ብዙ ኢንዊት ለነቀርሳ ሕክምና ተብለው በመርከብ ወደ ደቡብ ተወስደዋል፤ ያልተመለሱም አሉ። መንግሥት ይቅርታ የጠየቀው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ስለዚህ የሐኪም ትእዛዝ እዚያ ቁስል ይነካል፤ "ስለ ሲጋራ ብናወራ ይፈቅዳሉ?" ብለው ይጀምሩ። ለሌሎች የካናዳ ነባር ሕዝቦች የተዘጋጀ፣ ትንባሆን እንደ ቅዱስ ተክል የሚያወሳ ጽሑፍም አያድሉ፤ ኢንዊት ትንባሆን ያወቁት ከአሣ ነባሪ አዳኞችና ከነጋዴዎች ነው። እጅና አፍን የሚይዝ ነገር ከራሳቸው ሕይወት ይፈልጉ፦ ስፌት፣ ቅርጻቅርጽ፣ የደረቀ የካሪቡ (የሰሜን አጋዘን) ሥጋ፣ ለአደን መውጣት።

አንድ ሲጋራ ያጨሰ ሰው ፓቹን እንዳያነሳ ይንገሩት፤ ይቀጥልበት። ጥማቱ በሚበረታባቸው የመጀመሪያ ቀናት በ3ኛው ቀን፣ ከዚያም በ7ኛውና በ14ኛው ይጠይቁት። የሥራ ጊዜዎ ሲያበቃ ደግሞ ቀጠሮዎቹን ከመንደሩ ለሆነው የጤና ሠራተኛ በጽሑፍ ያስረክቡ፤ እሱ ከእርስዎ በኋላም እዚያው ይቆያልና።