ሚኒያፖሊስ ወይስ ፍራንክፈርት?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ለበዓል ሁለት የወንድምና የእህት ልጆች እኔ ቤት አርፈዋል። የእህቴ ልጅ ፍራንክፈርት ነው ያደገችው፤ የወንድሜ ልጅ ደግሞ ሚኒያፖሊስ። ቡና በተፈላ ቁጥር ክርክር ነው። እሷ «አሜሪካኖች ካርታ አያውቁም፤ ስሎቫኪያንና ስሎቬኒያን እንኳ አይለዩም» ትላለች። እሱ «አንቺስ ሚኒያፖሊስን፣ ኒውዮርክንና ሎስ አንጀለስን በአንድ ሳምንት በመኪና ላዳርስ አላልሽም?» ይላታል። የቱ ነው ልክ? አክስታቸው ነኝ፣ ከጅማ ሄርማታ።

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱም የያዙት እውነት አላቸው። እያንዳንዳቸው ግን የሌላውን ጉድለት ብቻ ነው የሚያዩት።

የእሷን ላስቀድም። እ.ኤ.አ. በ2002 ናሽናል ጂኦግራፊክ ዘጠኝ አገሮች ውስጥ ከ18 እስከ 24 ዓመት የሆኑ ወጣቶችን ፈትኖ ነበር። ስዊድኖች አንደኛ ወጡ። አሜሪካኖች ከመጨረሻ ሁለተኛ ሆኑ። በ2013 ከቦስተን ማራቶን ፍንዳታ በኋላ ደግሞ የተጠርጣሪዎቹ ዘር ከቼችኒያ፣ ከሩሲያ አንዷ ክፍል፣ መሆኑ ሲሰማ ብዙ ሰው ቼችኒያን ከቼክ ሪፐብሊክ ጋር አምታታ። በዋሽንግተን የቼክ አምባሳደር ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸውን የሚያስረዳ መግለጫ እስከማውጣት ደረሱ። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። በሌላ ሕዝብ ጥፋት መጠርጠርን ያመጣል።

የፈተና ወረቀት ግን ስም እንጂ ርቀት ብዙም አይጠይቅም። አውሮፓ ያደገ ልጅ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። እሷ ከፍራንክፈርት ተነስታ በአንድ ቀን ሉክሰምበርግን፣ ቤልጂየምንና ፈረንሳይን መርገጥ ትችላለች። አሜሪካንም በዚያው ልክ ትገምታለች። አሜሪካ 9.8 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ናት። አውሮፓ በሙሉ፣ የሩሲያን ምዕራብ ጨምሮ፣ 10 ሚሊዮን ያህል ነው። ቴክሳስ ብቻዋን ጀርመንን እጥፍ ልትሆን ትንሽ ነው የሚቀራት። ልጅቷ ያሰበችው ዙር 9,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። የኛን የጅማ አዲስ አበባ መንገድ ከ25 ጊዜ በላይ መንዳት ማለት ነው!

አንዳንድ አሜሪካዊ «እኛም አውሮፓውያንን ነብራስካ የት ናት ብለን እንጠይቅ» ይላል። ይሄን አልቀበልም። ስሎቬኒያ የራሷ ቋንቋ፣ ፓስፖርትና የተባበሩት መንግሥታት ወንበር ያላት አገር ናት። ነብራስካ ክፍለ ግዛት ናት።

አሁን ለሁለቱም አንድ ጥያቄ ልስጥዎት። ዛሬ ቡናው ላይ ይጠይቋቸው፦ ከሁለቱ ከተሞች ወደ ሰሜን የሚርቀው የቱ ነው? የወንድምዎ ልጅ በረዶውን አስቦ ሚኒያፖሊስ ሳይል አይቀርም። መልሱ ፍራንክፈርት ነው። ፍራንክፈርት 50 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት፤ ሚኒያፖሊስ 45። ልዩነቱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሮምም ብትሆን ከኒውዮርክ ትንሽ ወደ ሰሜን ናት። ሁለቱም ወገን ይሄን ሲሰማ አያምንም።

ምክንያቱ ባሕርና ነፋስ ነው። ምዕራብ አውሮፓ ላይ ነፋሱ የሚመጣው ከአትላንቲክ ነው፤ ውቅያኖሱም ከደቡብ በሚመጣ ሞቃት ጅረት ይሞቃል። ሚኒያፖሊስ አህጉሩ መሃል ናት። ከአርክቲክ የሚወርደውን ብርድ የሚያግድ ተራራ የላትም። በጃንዋሪ ፍራንክፈርት በአማካይ ከዜሮ ትንሽ ከፍ ስትል፣ ሚኒያፖሊስ ከዜሮ በታች 9 ያህል ትደርሳለች። የኛም ጅማ እኮ ከምድር ወገብ 8 ዲግሪ እንኳ አትርቅም። ማታ ጋቢ የሚያስፈልገን ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆንን ነው። ኬክሮስ፣ ማለትም ከምድር ወገብ ያለው ርቀት፣ ብቻውን አየር ንብረትን አይነግርም።

ለጉዞው ደግሞ፣ ሳምንቱን ለሚኒያፖሊስና ለቺካጎ ታድርገው። በመካከላቸው 650 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጅማ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ትንሽ ያነሰ። ኒውዮርክን ካላየሁ ካለች በአውሮፕላን ትሂድ። ሎስ አንጀለስ ለሌላ ዓመት ይቆይ።