አበባው ሳይታይ የሚወሰነው የፍሬ ክብደት፦ ጥያቄና መልስ

«የስንዴና የመሰል እህል ፍሬ ክብደት መወሰን የሚጀምረው ሰብሉ ከማበቡ በፊት ነው» ብዬ በሰጠሁት አስተያየት ላይ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። አቅሜ የፈቀደውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ፍሬ የሚሞላው ከአበባ በኋላ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ በፊት ያለውን ዕድገት ከክብደቱ ጋር ምን አገናኘው?

መልስ፦ የሚሞላውስ ከአበባ በኋላ ነው፤ የሚሞላበት ዕቃ ግን ቀድሞ ይሠራል። የስንዴው አገዳ አብጦ፣ ዛላው ገና በመጨረሻው ቅጠል ሽፋን ተጠቅልሎ ሳለ፣ በእያንዳንዷ አበባ ውስጥ እንቁልጢው፣ ማለትም ኋላ ፍሬ የሚሆነው ክፍል፣ በፍጥነት ያድጋል። ባበበችበት ዕለት ትልቅ እንቁልጢ የያዘች አበባ አብዛኛውን ጊዜ ከባድ ፍሬ ትሰጣለች። ይህ በስንዴም በማሽላም በተደጋጋሚ ታይቷል። የእንቁልጢው ግድግዳ ኋላ የፍሬው ልባስ ስለሚሆን፣ ጠቦ የተሠራው እንደ ልብ አይለጠጥም።

በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። ሊያብብ የተቃረበ የስንዴ ዛላ ወስዳችሁ ከመካከሉ አንዷን አበባ በመርፌ ጫፍ ክፈቱ። ጥቂት ሚሊሜትር የምታህል፣ አናቷ ላይ ጸጉር ያላት፣ ሁለት ላባ መሳይ ነገር የተሸከመች ነጭ ነገር ታገኛላችሁ። እንቁልጢዋ እርሷ ናት። ከዚያ በዚያው ዘለላ (ዛላው ላይ አንድ ቦታ ተጠጋግተው በበቀሉት አበቦች) ውስጥ ወደ ጫፍ ያለችውን ሦስተኛ ወይም አራተኛ አበባ ክፈቱ፤ እንቁልጢዋ አንሳ ታያላችሁ። ይህ የመጠን ልዩነት እስከ አጨዳ ይዘልቃል፤ ከጫፍ አበቦች የሚገኘው ፍሬ ቀላል ነው።

ጥያቄ፦ ለሩዝም እንደዚሁ ነው?

መልስ፦ በሩዝ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነው። ፍሬው የሚያድገው እርስ በርስ በተቆላለፉ ሁለት ቅርፊቶች ውስጥ ነው፤ ቅርፊቶቹ ደግሞ ከማበቡ በፊት መጠናቸውን ጨርሰዋል። ከአበባ በፊት ባሉት ሳምንታት ብርሃን ካነሰ ቅርፊቱ ጠብቦ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ፀሐይ ቢበዛ፣ ውኃ ቢትረፈረፍ፣ ፍሬው ከቤቱ አይበልጥም።

ጥያቄ፦ በማሳዬ ላይ ሙቀቱ የበረታው ከአበባ በፊት ነበር፤ ካበበ በኋላ አየሩ ተስማሚ ነበር። ፍሬው ግን ቀለለብኝ። ለምን?

መልስ፦ ሙቀት ዕድገትን ያጣድፋል። ዛላው ከሽፋኑ ሳይወጣ ሙቀት ካገኘው እንቁልጢው ለማደግ የሚያገኘው ቀን ያጥራል፤ አንሶ ለአበባ ይደርሳል። በስንዴ ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ሙቀቱ በዚያ ጊዜ ብቻ ጨምሮ፣ ኋላ አየሩ ቢመቻችም የፍሬው ክብደት ቀንሷል። ሙቀቱ ከበረታ ደግሞ የጽጌ ብናኙ ይመክናል፤ ያን ጊዜ የፍሬው ቁጥርም አብሮ ይጎዳል።

ጥያቄ፦ ካበበ በኋላ ዝናብ ቢቋረጥ፣ ቀድሞ ጥሩ ያደገ ሰብል ይተርፋል?

መልስ፦ በአገዳው ውስጥ ስንቅ ካለው ይረዳዋል። ስንዴና ገብስ ፍሩክታን የሚባል የስኳር ዓይነት በአገዳቸው ያከማቻሉ፤ ሩዝ በአገዳውና በቅጠል ሽፋኑ ስታርች ያስቀምጣል። ቅጠሉ ሲጠወልግና ብርሃን አስተጻምሮ (በፀሐይ ብርሃን ምግብ መሥራቱ) ሲዳከም ይህ ክምችት ወደ ፍሬው ይወርዳል። በደህና ጊዜ ከስንዴ ፍሬ ክብደት ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆነው ከዚህ ስንቅ ይመጣል፤ በድርቅ ጊዜ እስከ ግማሽ ሊደርስ ይችላል። እኔ በአገዳ ጥንካሬ ላይ አጥብቄ የምናገረው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ገና በማለዳው ዩሪያ (የናይትሮጅን ማዳበሪያ) አብዝቼ ብሰጠው አይሻልም? ባለፈው እንዲያ አድርጌ ማሳው ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ነበር፤ ስወቃው ግን ፍሬው ጭምድድ ያለ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ የገጠመዎት ብዙ ገበሬ ያስለቀሰ ነገር ነው። ሰብሉ ቅጠልና ተጨማሪ ቡቃያ አብዝቶ የአፈሩን ውኃ ከአበባ በፊት ጨረሰው። ቡቃያዎቹ እርስ በርስ ስለተጋረዱ አገዳቸው ቀጥኖ ስኳር ሳያከማች ቀረ። ፍሬው ሊሞላ ሲል ውኃም ስንቅም አልነበረም። ውኃ በሚያጥርበት ማሳ ዩሪያውን ከፋፍለው ይስጡ፤ ዋናውን ድርሻ አገዳው መርዘም ሲጀምር ያድርጉት። ሙሉ በሙሉ ግን አይተዉት፤ በስንዴ ፍሬ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን አብዛኛው ተክሉ ከማበቡ በፊት ከአፈር የወሰደው ነው።

ጥያቄ፦ ፍሬ ሲበዛ ክብደቱ ይቀንሳል ይባላል። እንግዲያው ፍሬ ማብዛት ከንቱ ድካም ነው?

መልስ፦ አይደለም። ምርት ከምንም በላይ የሚከተለው የፍሬን ቁጥር ነው። አማካይ ክብደቱ የሚወርደውም ሁልጊዜ ፍሬዎቹ ምግብ ስለተሻሙ አይደለም፤ የተጨመሩት ፍሬዎች የሚመጡት ከጫፍ አበቦች፣ ቀድሞም ትንሽ እንቁልጢ ከያዙት ነው። በአበባ ጊዜ ከስንዴ ዛላ ላይ ግማሹን ዘለላ ቢያነሡት የቀሩት ፍሬዎች ብዙውን ጊዜ የሚጨምሩት ጥቂት ነው። ምግቡ ተርፎ እያለ ዕቃው ሞልቷል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ በቆሎስ?

መልስ፦ በቆሎ ይለያል። ጸጉር በሚያወጣበት ጊዜ ግድም ያለው ዕድገት ከሁሉ በፊት የፍሬውን ቁጥር ይወስናል፤ ክብደቱን ይበልጥ የሚወስነው ከዚያ ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ፍሬ የሚደርሰው ምግብ ነው። በመሙያ ጊዜ ቅጠሉ ከተጎዳ ከስንዴ የበለጠ ይቀልላል።

ጥያቄ፦ ሰብሌ ስንቅ መያዙን በምን ልወቅ?

መልስ፦ ሚዛን ካለዎት ቀላል ነው። ስንዴው ካበበ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ 20 አገዳ ከሥር ቆርጠው፣ ቅጠሉንና ዛላውን አንሥተው፣ በደንብ አድርቀው ይመዝኑ። ሲበስል ከዚያው ማሳ ሌላ 20 በተመሳሳይ መንገድ ይመዝኑ። የጎደለው ክብደት በአመዛኙ ወደ ፍሬው የሄደው ነው፤ ጥቂቱን ተክሉ ራሱ ሲተነፍስ አቃጥሎታል። ልዩነቱ ከምንም የማይቆጠር ከሆነና ፍሬውም ከቀለለ፣ አገዳው ስንቅ ሳይዝ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ለሚቀጥለው ሲዘሩ ተክሎቹ እንዳይጋረዱ አራርቀው ይዝሩ።